«የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚለው ቃል ለታመመ ሰውም ነውን?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በዚህ የአንባብያን ዓምድ ላይ ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ገበያ ዋጋ የሚጻፉትን ደብዳቤዎች ዘወትር አነባለሁ፤ ከብዙዎቹም ተምሬአለሁ። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከእነዚያ አነስ ያለ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በብዙ ቤት የደረሰና ብዙ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያለፈው ነገር በመሆኑ፣ በጋዜጣው ላይ ቦታ ቢሰጠው ለሕዝብ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ነገሩም ይህ ነው፤ አንድ ሰው ለትምህርት ገንዘቡን አስቀድሞ ከከፈለ በኋላ ቢታመምና ትምህርቱን ሳይማር ቢቀር፣ የከፈለው ገንዘብ ሊመለስለት ይገባል ወይስ አይገባም?

በዛሬው ጊዜ ለትምህርት የሚከፍለው የሕፃናት ወላጅ ብቻ አይደለም። ቀን በሥራ የሚውለው ጎልማሳ ማታ ማታ፣ እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ ይማራል። አንዱ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ ሌላው ኮምፒውተር፣ ሌላው የውጭ ቋንቋ፣ ሌላው ልብስ ስፌት፣ ሌላው የፀጉር ሥራ፣ ሌላውም መኪና መንዳት ለመማር ይመዘገባል። ይህ እጅግ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ሠርቶ የሚያድር ሰው ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ለዕውቀት ሲከፍል ማየት ለአገር ተስፋ ይሰጣል። ክፍያው ግን በብዙ ቦታ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የሚፈጸም ነው። ገንዘብ ተቀባዩም ደረሰኙን ቆርጦ ሲሰጥ፣ ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ አይደረግም» የሚል ቃል ታትሞበት ይገኛል። ጤነኛ ሰው ያን ቃል አያነበውም፤ የሚያነበው ሲታመም ነው።

እኔም ያነበብሁት ታምሜ ከተነሣሁ በኋላ ነው።

በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበረ፣ ዕረፍቴን በከንቱ ከማሳልፈው ኮምፒውተር ጠለቅ አድርጌ ብማር ለተማሪዎቼም ለራሴም ይጠቅመኛል ብዬ በአንድ የግል ማሠልጠኛ ተመዘገብሁ። ትምህርቱ ስምንት ሳምንት የሚፈጅ ሆኖ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በጠቅላላው ሃያ አራት ጊዜ የሚሰጥ ነበር። ዋጋው 9,600 ብር ነው። ይህን ገንዘብ ለማጠራቀም ዘጠኝ ወር ፈጅቶብኛል። ባለቤቴም ለራሷ ልትገዛው ያሰበችውን ጫማ ለሚመጣው ዓመት አስተላልፋ፣ «አንተ ተማር፤ ጫማው የትም አይሄድም» ብላ ያላትን ጨምራልኛለች።

አራት ቀን ተማርሁ። በአምስተኛው ቀን ሌሊት ሆዴን ክፉኛ ቆረጠኝ። ምግብ ያልተስማማኝ መስሎኝ እስኪነጋ ታገሥሁ፤ ሲነጋም ጤና አዳም ጠጥቼ ዋልሁ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነበር። በማግሥቱ ወንድሜ ደግፎ ወደ ሐኪም ቤት ሲያደርሰኝ ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ኖሮ፣ በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ቁስሉም መግል ስለ ቋጠረ አሥራ ስድስት ቀን ተኝቼ፣ ከወጣሁም በኋላ ሐኪሙ አንድ ወር ሙሉ እንዳርፍ በጽሑፍ አዘዘልኝ። ስለዚህ እኔ ቆሜ ለመሄድ ስበቃ ትምህርቱ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር።

የሐኪሙን ማስረጃና ደረሰኜን ይዤ ወደ ማሠልጠኛው ሄድሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ መልካም ጠባይ ያላት ወጣት ናት፤ ፊቴን አይታ ደንግጣ ወንበር አቀረበችልኝ። ጉዳዬን ከሰማች በኋላ ግን፣ «መምህር፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። ገንዘቡ ግን አይመለስም፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል» አለችኝ። እኔም፣ «እህቴ፣ የተማርሁበትን ይቁረጡና የቀረውን ይመልሱልኝ፤ ያ የማይሆን ከሆነም ለሚቀጥለው ዙር ያስተላልፉልኝ» አልሁ። እርሷም ልቧ እያዘነ ወደ ሥራ አስኪያጁ መራችኝ።

ሥራ አስኪያጁም በአክብሮት ተቀበለኝ። ቃሉ ግን ከገንዘብ ተቀባይዋ ቃል የተለየ አልነበረም። «እርስዎ ቢቀሩም አስተማሪው አልቀረም፤ ለእርሱ ከፍለናል። መብራትም ኪራይም ከፍለናል። በእርስዎ ቦታ ሌላ ሰው ልናስገባ እንችል ነበር፤ ወንበሩ ግን ባዶውን ከረመ። ለሚቀጥለው ዙር እናስተላልፍልዎ ብንልም ሌላው ሁሉ ነገ ተመሳሳይ ነገር ይጠይቃል» አለኝ። ሙግት ስለማልወድ፣ ሰውነቴም ገና ደካማ ስለ ነበረ፣ አመስግኜ ወጣሁ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል አባቶቻችን፤ ለሐኪም የወጣው ሳያንስ ለትምህርት የወጣውም በዚያው ቀረ።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ስለዚህም የድርጅቱን ስም አልጠቀስሁም። ሥራ አስኪያጁ የተናገረው ነገርም ውሸት አልነበረበትም። አስተማሪ ደመወዙን ይፈልጋል፤ የቤት ባለቤት ኪራዩን ይጠይቃል፤ ተማሪ ታመመ ብሎ መብራት ኃይል ሒሳቡን አይቀንስም። ደግሞም ሰው ሁሉ በፈለገው ቀን ገንዘቤን መልሱ የሚል ቢሆን የትኛውም ትምህርት ቤት በጀቱን ሊያወጣ አይችልም። ይህን አምናለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልቤን አላሳርፍ አለው። እኔ መታመሜ የማሠልጠኛው ጥፋት ካልሆነ፣ የእኔስ ጥፋት ነውን? የሁለታችንም ጥፋት ካልሆነ፣ ኪሳራው ሙሉ በሙሉ በአልጋ ላይ በተኛው ላይ ብቻ የሚወድቀው ስለ ምንድን ነው?

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ፤ እርሱን ሸሽጌ ይህን ደብዳቤ ብጽፍ ሐቀኛ ሰው አልሆንም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳልባል ራሴን ልናገር።

እንደ ብዙ የሥራ ጓደኞቼ እኔም ከደመወዜ በተጨማሪ ማታ ማታ ለጥቂት ተማሪዎች ሒሳብ አስጠናለሁ። በ2014 ዓ.ም. አንዲት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ልጇን አምጥታ የአንድ ወር 600 ብር ከፈለችኝ። ልጁ አንድ ሳምንት ከተማረ በኋላ በአንጀት ተስቦ ታሞ ወሩን ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። እናቱ መጥታ በር ላይ ቆማ፣ «መምህር፣ ልጁ ተኝቶብኛል፤ የቀረውን ሳምንት ገንዘብ ቢመልሱልኝ» አለችኝ። እኔ ምን ብዬ የመለስሁላት ይመስላችኋል? «እናቴ፣ እኔ አስተምሬአለሁ፤ የቀረው ልጅዎ ነው» አልኋት። እርሷም ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እሺ መምህር፣ እግዜር ይስጥልን» ብላ ሄደች። እኔም ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ወደ ጥቁር ሰሌዳዬ ተመለስሁ። ሥራ አስኪያጁ «አስተማሪው አልቀረም» ሲለኝ የሰማሁት ድምፅ የራሴው ድምፅ ነበር።

ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ማሠልጠኛ ክፋት አይደለም። ሁላችንም ከገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ ወዲህ ስንሆን አንድ፣ ወዲያ ስንሆን ሌላ ሕግ ይታየናል። መፍትሔውም የአንዱን ደግነት መለመን ሳይሆን፣ ለሁለቱም ወገን የሚሆን የታወቀ ደንብ ማውጣት ነው።

እንዲህ ያለው ደንብ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ ዕድራችንን እንመልከት። በዕድር ውስጥ ለቀብር ያልወጣ ወይም ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ታሞ የቀረ እንደ ሆነ ግን ዳኛው «ታሞ ነው» የሚል ምስክር ሲሰማ ቅጣቱን ያነሣለታል፤ ብዙ ጊዜም አባላቱ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁታል። ዕድሩ በዚህ ምክንያት አልፈረሰም። ሕመም የዛሬው የአንዱ፣ የነገው የሌላው መሆኑን አባላቱ ስለሚያውቁ፣ ሸክሙን ለሁሉም አካፈሉት እንጂ በወደቀው ላይ አልጫኑበትም።

ሁለተኛ የሥራ ሕጋችንን እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም በአሥራ ሁለት ወር ጊዜ ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ለተከታዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዙን ይከፈለዋል፤ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ክፍፍል ጥበብ ልብ በል። ሕጉ «ሠራተኛው ካልሠራ ምንም አይከፈለው» አላለም፤ «አሠሪው ለዘለዓለም ይክፈል» ብሎም አልፈረደም። መጀመሪያ አሠሪው፣ ቀጥሎ ሁለቱም እኩል፣ በመጨረሻም ሠራተኛው ሸክሙን እንዲሸከም አደረገ። ሠራተኛውም በበኩሉ መታመሙን ቶሎ ማስታወቅና ከታወቀ የሕክምና ድርጅት ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ለሥራ ውል እንዲህ ያለ ሚዛን ከተገኘ ለትምህርት ውል የሚጠፋበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን እንመልከት። ይህ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና በቁጥር 1731 ይደነግጋል። «ደረሰኙ ላይ ተጽፏል» የሚለው ወገን የሚመካው በዚህ ነው። ነገር ግን በዚያው ሕግ በቁጥር 1686 ሌላ ነገር አለ፤ አንደኛው ተዋዋይ ለሥራው ያወጣው ጠቅላላ ደንብ፣ ሌላው ወገን አውቆ ካልተቀበለው ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ያዘዘው ወይም ያጸደቀው ካልሆነ በስተቀር አያስገድደውም ይላል። እንግዲህ ደረሰኝ የሚቆረጠው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ከከፈለ በኋላ የተሰጠውን ወረቀት ግርጌ አስቀድሞ አውቆ ተቀብሎታል ሊባል የሚቻለው እንዴት ነው? ቃሉ እውነት ውል እንዲሆን ከተፈለገ ከመክፈሉ በፊት ሊነበብና ሊፈረምበት ይገባል።

ደግሞም ይኸው ሕግ በቁጥር 1792 እና 1793 ስለ ከአቅም በላይ ኃይል ሲናገር፣ ባለ ዕዳው ግዴታውን እንዳይፈጽም ከሚያግዱት ነገሮች መካከል ያልታሰበ ከባድ ሕመሙን ይቆጥራል። እርግጥ ነው፣ ማሠልጠኛው «ያንተ ግዴታ መክፈል ነበር፣ ከፈልህ፤ የእኔም ማስተማር ነበር፣ አስተማርሁ» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ዳኛ ፊት ብንቀርብ ማን እንደሚረታ ለዳኛው እተወዋለሁ። ለ8,000 ብር ጠበቃ ገዝቶ የሚሟገት ሰውም አይገኝም። ይሁንና ሕጉን የጻፉት ሰዎች ከባድ ሕመምን ከጦርነትና ከተፈጥሮ አደጋ ጋር በአንድ መዝገብ ማስፈራቸው፣ ሕመምን እንደ ስንፍና እንዳልቆጠሩት ያስረዳናል። እኛ ግን በትምህርት ክፍያ ላይ የታመመውን ከሰነፈው፣ አልጋ ላይ የተኛውን ቡና ቤት ከተቀመጠው ጋር አንድ አድርገን እንፈርድበታለን።

ከዚህ ላይ ስለ ልጅነቴ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ባነሣ አንባቢ ይታገሠኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የተማርሁት በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ገንዘብ ያዡ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ በሳንቲም የማይቀልዱ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ሳንቲም ጎድሎ የመጣ ተማሪ ሳንቲሟን ሳያመጣ ደረሰኝ አይጽፉለትም። እኝህ ሰው ሰፊ መዝገብ ነበራቸው፤ በመዝገቡ ቀኝ ጠርዝ ላይ በእጃቸው ያሰመሩት ጠባብ ዓምድ ነበረ። በላዩም «የታመሙ» ተብሎ ተጽፎበታል። ተማሪ ታሞ ከወር በላይ የቀረ እንደ ሆነ፣ የቀረበትን ጊዜ ክፍያ በዚያ ዓምድ ይጽፉና ለሚመጣው ዓመት ይይዙለት ነበር። ታናሽ ወንድሜ በወባ ታሞ አንድ መንፈቅ በቀረ ጊዜ፣ አባቴ ለሚመጣው ዓመት ሊከፍል ሲሄድ «የልጅዎ ተከፍሏል፤ መዝገቡ ላይ አለ» ብለው መለሱት። አባቴ ከእኛ ቤት እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ይህን ያወራ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሀብታም አልነበረም፤ ወንበሮቻችን እንኳ በሽቦ የታሰሩ ነበሩ። የነበረው ነገር በመዝገቡ ጠርዝ ላይ የተሰመረ አንድ ጠባብ ዓምድ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ የምጠይቀው ያን ዓምድ ነው፤ ከዚያ የበለጠ አይደለም።

«ይህ ከተፈቀደ ሁሉም የሐሰት የሕክምና ወረቀት እያመጣ ገንዘቡን ያስመልሳል» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ እኔም በመምህርነቴ በፈተና ማግሥት የሚመጡ ብዙ ወረቀቶችን አይቻለሁ። ነገር ግን ሌባ አለ ተብሎ ለሰው ሁሉ በር አይዘጋም፤ በሩ ላይ ዘበኛ ይቆማል እንጂ። ወረቀቱ እውነት መሆን አለመሆኑን ለሰጠው የሕክምና ድርጅት ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ደግሞም ኪሳራውን ሁለቱም ወገኖች እንዲካፈሉት ከተደረገ፣ ለማታለል የሚደክም ሰው ጥቂት ይሆናል፤ ሙሉውን አያገኝምና።

ስለዚህ ትምህርት በክፍያ ለሚሰጡ ድርጅቶችና ለእነርሱ ፈቃድ ለሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የክፍያና የመመለስ ደንብ ተማሪው ከመክፈሉ በፊት በግልጽ አማርኛና ተማሪው በሚያውቀው ሌላ የአገር ቋንቋ ተጽፎ ይሰጠው፤ አንብቦም ይፈርምበት። በደረሰኝ ግርጌ ብቻ የተጻፈ ቃል አይበቃም።

ሁለተኛ፤ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የታመመ ሰው፣ ለመመዝገቢያ የወጣው ትንሽ ገንዘብ ብቻ ተቀንሶ የቀረው ይመለስለት፤ በቦታው ሌላ ሰው ለማስገባት ጊዜ አለና።

ሦስተኛ፤ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ የታመመ ሰው፣ ለሚቀጥለው ዙር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይተላለፍለት። በሚቀጥለው ዙር ባዶ ወንበር ካለ ማሠልጠኛው የሚጎዳው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ አስተማሪው ለሠላሳም ለሠላሳ አንድም የሚያስተምረው ያንኑ ነው።

አራተኛ፤ መተላለፉ የማይቻል ሲሆን ያልተማረበት ክፍያ እኩል ይከፈል። በእኔ ጉዳይ ላይ ሒሳቡን ላሳይ። 9,600 ብር ለሃያ አራት ጊዜ ሲካፈል ለአንዱ 400 ብር ነው። አራት ጊዜ ስለ ተማርሁ 1,600 ብሩ ያለ ክርክር የማሠልጠኛው ነው። ከቀረው 8,000 ብር ውስጥ 4,000 ብሩን ለኪራዩና ለባዶው ወንበር እርሱ ይያዝ፤ 4,000 ብሩን ለእኔ ይመልስ። በዚህ ዓይነት ማሠልጠኛው ከ9,600 ብር 5,600 ብር ይቀርለታል፤ ታማሚውም ባዶ እጁን አይመለስም። ሁለቱም ይጎዳሉ፤ አንዱ ግን ብቻውን አይሰበርም።

አምስተኛ፤ ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ሕመሙን በጥቂት ቀናት ውስጥ የማስታወቅ ግዴታ ይኑርበት፤ ማስረጃውም ፈቃድ ካለው የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ይሁን። እኔ በዚህ በኩል ጥፋተኛ ነኝ። አልጋ ላይ ሳለሁ ወንድሜን ወደ ማሠልጠኛው ልኬ ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት በቦታዬ ሌላ ሰው ይገባ፣ ገንዘቤም ይድን ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለገንዘብ ተቀባይም ይሠራል።

ለሚከፍለው ወገንም ምክር አለኝ። ከመክፈልህ በፊት «ብታመም ምን ይሆናል?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። በአንድ ጊዜ ከመክፈል በየወሩ መክፈል የሚቻል ከሆነ ይህንኑ ምረጥ። ደረሰኝህን አትጣል። ብትታመም በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አስታውቅ፤ የደብዳቤህንም ግልባጭ አስቀር። ስትጠይቅም በቁጣ ሳይሆን በሒሳብ ጠይቅ። የታመመ ሰው ድምፁ ደካማ ነው፤ ወረቀት ግን አይደክምም።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ ደብዳቤዬን ሳልዘጋ የዚያችን እናት ነገር ልጨርስ። ከማሠልጠኛው በተመለስሁ በሳምንቱ ቤቷን አፈላልጌ አገኘሁት። የሦስት ሳምንቱን 450 ብር በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ምጣዷ ላይ ሊጥ እያፈሰሰች ስለ ነበረች ወዲያው አልተቀበለችኝም፤ እንጀራውን አውጥታ እጇን ካበሰች በኋላ ተቀበለች። ልጁ ድኖ ትምህርቱን ቀጥሏል፤ እርሱም ከውስጥ ወጥቶ ሰላም አለኝ። እርሷም ገንዘቡን ሳትቆጥር፣ «መምህር፣ ያን ቀንኮ ለመድኃኒቱ ነበር የፈለግሁት» አለችኝ። «ከየት አገኙ ታዲያ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ምጣዴን አስይዤ ተበደርሁ» አለች።

ምጣዷ መተዳደሪያዋ ናት። እኔ «አስተምሬአለሁ» ብዬ ያስቀረሁት 450 ብር የአንዲትን እናት መተዳደሪያ ለመያዣ አሰጥቶ ነበር፤ እኔ ግን ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ አላወቅሁም። ታሞ የሚቀር ሰው ገንዘቡን የሚጠይቀው ለመዝናኛ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ከምንጊዜውም ይልቅ ስለሚያስፈልገው ነው። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል ይባላል፤ እኛ መምህራንና የትምህርት ድርጅቶች ከምሣሮቹ አንዱ ልንሆን አይገባንም።

በበኩሌ ከዚያ ቀን ወዲህ የማስጠናቸውን ልጆች ስም በምጽፍበት ደብተር ቀኝ ጠርዝ ላይ አንድ ጠባብ ዓምድ አስምሬአለሁ። እስከ ዛሬ የሦስት ልጆች ስም ተጽፎበታል፤ ለሦስቱም የቀሩበትን ጊዜ በሌላ ወር አስተምሬአቸዋለሁ፤ እኔም በዚህ ምክንያት አልደኸየሁም። ከእኔ የበለጠ አቅም ያላቸው ድርጅቶች ይህን ቢያደርጉ ምን ይጎዳቸዋል? ፈቃድ የሚሰጡትስ መሥሪያ ቤቶች፣ ስለ ክፍሉ ስፋትና ስለ አስተማሪው ማስረጃ እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ «የታመመ ተማሪ ደንባችሁ የት አለ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይከብዳቸዋል?

መልሱን ከሚመለከታቸው ወገኖች በዚሁ ዓምድ ላይ ለማንበብ ተስፋ በማድረግ፣ ሐሳቤን እዚህ ላይ እገታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ